ሲያርፍ የሚወድቅ ኮምፒውተር፦ ከኦቨርክሎክ በኋላ የመጣ የሃርድዌር ስህተት፣ ከኮምቦልቻ ደሴ

በሰርግ ፎቶና ቪዲዮ ሥራ ኮምቦልቻ ላይ ስም ያተረፉ አንድ ባለሙያ፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሁለተኛ ስቱዲዮ ሲከፍቱ የኤዲቲንግ ኮምፒውተራቸውን ይዘው ሐረጎን ወጡ። ማሽኑ ኮምቦልቻ ሳለ ለወራት አንድም ቀን አላስቸገረም። ደሴ ከገባ በኋላ ግን በራሱ እየጠፋ መነሳት አመጣ። አንዳንዴ ሰማያዊ ስክሪን ያሳያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ስክሪኑ ድንገት ይጠቁርና ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ይነሳል። ወደ ጥገና ቤታችን ሲመጣ ታኅሣሥ እየተገባደደ፣ የጥር ሰርግ ደጅ ላይ ቆሞ ነበር።

ጉዳዩን በዝርዝር መጻፍ የፈለግሁት፣ ኦቨርክሎክ የተደረገ (ከፋብሪካ ፍጥነቱ በላይ እንዲሮጥ የተቀናበረ) ኮምፒውተር ሲያስቸግር የሁላችንም እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሙቀትና ወደ መብራት ስለሆነ ነው። እዚህ ሁለቱም ንጹሕ ነበሩ። እንዲያውም ማሽኑን ለውድቀት ያመቻቸው የደሴ ቅዝቃዜ ነው።

ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600ኤክስ ነው። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ለገበያ ያቀረበው ባለ 6 ኮር (ስሌት የሚሠራ ክፍል) እና ባለ 12 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚሄድ የሥራ መስመር) ፕሮሰሰር ሲሆን፣ መነሻ ፍጥነቱ 3.7 ጊጋኸርዝ፣ በወረቀት ላይ የሰፈረው ከፍተኛ ፍጥነቱ 4.6 ጊጋኸርዝ ነው። ማዘርቦርዱ ባለ ቢ550 ቺፕሴት፣ ራሙ ሁለት ባለ 16 ጊጋባይት ዲዲአር4 ሆኖ ለ3600 ፍጥነት የተሸጠ፣ ኩለሩም ለብቻው የተገዛ ትልቅ የአየር ኩለር ነው። ጥሩ ማሽን ነው፤ በቁጠባ የተገጠመ አይደለም።

እኛ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት ብዙ ተሞክሮበታል። ደሴ ላይ ኮምፒውተር በራሱ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚከሰሰው መብራት ነው፤ ክሱም ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ስለዚህ ስታቢላይዘር ተገዛ፣ ቀጥሎ ዩፒኤስ ተጨመረ። ለውጥ አልመጣም። ከዚያ ጥርጣሬው ወደ ሙቀት ዞረ፤ ቴርማል ፔስቱ ተቀየረ፣ የኬዙ የጎን ክዳን ተነሳ፣ ተጨማሪ ፋንም ተገጠመ። ይሄኔ ባሰበት። ቀድሞ በሁለት ሦስት ቀን አንዴ ይወድቅ የነበረው በየጠዋቱ መውደቅ ጀመረ። ባለቤቱ (ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው፣ እዚህም እንደዚያው ልቀጥል) ይህን ሲነግሩኝ እንደ ተስፋ መቁረጫ ነበር የተናገሩት። ለእኔ ግን ከሁሉ የጠቀመኝ መረጃ እሱ ነበር። ክዳን ተከፍቶ ፋን ሲጨመርለት የሚብስበት ማሽን ሙቀት አላሸነፈውም።

የመብራቱን ጥያቄ የዘጋው ሌላ ነገር ነው። ዩፒኤሱ ሙሉ ቻርጅ ይዞ፣ ሶኬቱ ከግድግዳ ተነቅሎ በባትሪ ብቻ እየሠራ ሳለ ማሽኑ ያው ተነሳ። በዚያው ክፍል ከአንድ መስመር የሚጠቀመው ሁለተኛው ኮምፒውተር አንድም ጊዜ አልጠፋም። የራሱ የፓወር ሰፕላይ ጥርጣሬ ቀርቶ ነበር፤ እሱን ለመዝጋት ከሱቃችን በደንብ የምናውቀውን ሌላ ገጠምንበት። ወደቀ።

መዝገቡ የሚለውና የማይለው

ዊንዶውስ ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ላይ ቀይ ምልክት ይዞ በብዛት የተሰለፈው ከርነል-ፓወር 41 ነበር። ስሙ ውስጥ "ፓወር" የሚል ስላለ ብዙ ባለሙያ እዚህ ላይ ፍለጋውን አቁሞ ፓወር ሰፕላይ ይቀይራል። ይህ መልእክት የሚናገረው ግን ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ እንደተነሳ ብቻ ነው። አፍንጫ ሲመቱት ዐይን ያለቅሳል፤ 41 ልቅሶው ነው። የሚጠቅመው ዝርዝሩን ከፍቶ የበግቼክ ኮዱን (የውድቀቱን መለያ ቁጥር) ማየት ነው። ቁጥሩ የሚጻፈው በተለመደው አሥርዮሽ ስለሆነ ሰማያዊው ስክሪን ላይ ከሚታየው ጋር አንድ አይመስልም። በጋሼ ማሽን ላይ አንዳንዱ 0 ነበር፣ ይህም ዊንዶውስ ስህተቱን ለመመዝገብ እንኳ ጊዜ አላገኘም ማለት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ 292። 292 ወደ ሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት ወደሚጻፈው ቁጥር) ሲቀየር 124 ይሆናል። 124 ደግሞ ሃርድዌሩ ራሱ ሊታረም የማይችል ስህተት አግኝቻለሁ ብሎ ለዊንዶውስ ሲያስታውቅ የሚመጣው ሰማያዊ ስክሪን ነው።

ከዚያ ምንጩን ዊያ-ሎገር (የሃርድዌር ስህተቶችን የሚመዘግበው የዊንዶውስ ክፍል) ላይ አጣርቼ መዝገቡን አየሁ። ሁለት ዓይነት መልእክት ተቀላቅሎ ነበር። አንዱ ቁጥር 18፣ ለሞት የሚያበቃው ስህተት፤ ዓይነቱ ካሽ ሃይራርኪ ኤረር (ካሽ በሚባለው የፕሮሰሰሩ ውስጣዊ ፈጣን ማኅደር ላይ የተገኘ ስህተት)፣ ሪፖርት ያደረገው የፕሮሰሰር ኮር፣ ኤፒክ አይዲ (የትሬዱ መለያ ቁጥር) 4 ወይም 5። ይህ የሚመዘገበው ማሽኑ እንደገና ከተነሳ በኋላ ስለሆነ ሰዓቱ ከውድቀቱ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚታየው። ሌላው ቁጥር 19፣ ማለትም ታርሞ ያለፈ ስህተት፤ ዓይነቱ ባስ/ኢንተርኮኔክት ኤረር (ክፍሎችን በሚያገናኘው የመረጃ መንገድ ላይ የተገኘ ስህተት)። እሱ ማሽኑ እየሠራ እያለ በዝምታ የሚጠራቀም ስለሆነ ብዛቱ ገጽ ሙሉ ነበር።

ሁለቱን እንደ አንድ በሽታ ማየት ያሳስታል። ቁጥራቸው፣ ዓይነታቸው፣ የሚመጡበትም ሰዓት ይለያያል። 19 ቀኑን ሙሉ ተበታትኖ ይገኛል። 18 ግን አብዛኛው በኮምፒውተሩ ሰዓት ከ7 እስከ 9፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ የተከማቸ ነው። በዚያ ሰዓት ምን ይሠራል? ጋሼን ስጠይቃቸው፣ "ምንም። ከፍቼ አስቀምጠውና ሻዬን እጠጣለሁ፤ ደንበኛ እስኪመጣ ፎቶ አገላብጣለሁ" አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ሙሉ የሰርግ ፊልም ኤክስፖርት ሲያደርግ፣ ስድስቱም ኮር ተወጥሮ ፋኑ ሲጮህ፣ አይወድቅም።

ማን ምን ነካ

እዚህ ደረጃ ላይ ነው ስለ ኦቨርክሎክ የተነሳው። ኮምቦልቻ ሳሉ የእህታቸው ልጅ ማሽኑን አፍጥኖላቸው ነበር። ልጁን አስጠራነው፣ መጣ፤ ሥራውን በግዴለሽነት አልሠራም። የባዮሱን (የማዘርቦርዱን መሠረታዊ ቅንብር) ገጾች ሁሉ በስልኩ ፎቶ አንስቶ አስቀምጧል፤ ይህ ብቻውን ብዙ ልፋት አስቀርቶልናል። የለወጠው ሦስት ነገር ነበር። ራሙን ከ3600 ወደ 3800 አንስቶ፣ አብሮት የሚሄደውን ኢንፊኒቲ ፋብሪክ (የፕሮሰሰሩን ክፍሎችና ራሙን የሚያገናኝ የውስጥ መንገድ) ከ1800 ወደ 1900 ሜጋኸርዝ ከፍ አድርጓል። ፒቢኦ የሚባለውን የኤኤምዲ ማፍጠኛ ከፍቶ የፍጥነት ጣሪያው ላይ 200 ሜጋኸርዝ ጨምሯል። በከርቭ ኦፕቲማይዘር ደግሞ ስድስቱንም ኮሮች በአንድነት ቀንስ 30 ላይ አስቀምጧል። ከዚያ ሲኒቤንች የሚባለውን የፍጥነት መለኪያ ደጋግሞ፣ ሌላም ከባድ የጭነት ፈተና ለረጅም ሰዓት አሂዶ፣ ማሽኑ ስላለፈ ጨርሻለሁ ብሏል።

ፈተናው ለምን አሳለፈው? የጉዳዩ እምብርት ይህ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ።

ከርቭ ኦፕቲማይዘር ለእያንዳንዱ ፍጥነት የተመደበውን ቮልቴጅ ዝቅ የሚያደርግ ቅንብር ነው። አንድ ቁጥር ሲቀነስ በግምት ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቀንስ 30 ማለት ከ90 እስከ 150 ሚሊቮልት ነው። ብዙ ነው። ስድስቱም ኮሮች በአንድ ላይ ሲጫኑ ፕሮሰሰሩ የኃይልና የሙቀት ገደብ ስለሚይዘው ኮሮቹ ከጣሪያቸው ዝቅ ብለው ይሮጣሉ፤ በዚያ ፍጥነት ላይ የተቀነሰው ቮልቴጅ ይበቃቸዋል። ከባድ ፈተናው የሚመረምረው ያንን ቀበሌ ብቻ ነው። ጣሪያው የሚነካው ሥራው ሲቀል ነው። አንድ ፎቶ ሲከፈት፣ አንድ ገጽ ሲጫን፣ አንድ ኮር ብቻውን ለቅጽበት ይነሳና እስከ ላይ ይወረወራል። የ5600ኤክስ ጣሪያ በተግባር 4.65 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ 200 ሲጨመርበት 4.85 ይሆናል። እዚያ ከፍታ ላይ፣ ከሚገባው በታች በሆነ ቮልቴጅ፣ አንዱ ኮር የካሽ መረጃውን ያዛባል። ማሽኑም ይወድቃል።

የኮምቦልቻና የደሴ ልዩነት የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። የራይዘን ፍጥነት አስተዳዳሪ ሙቀት ሲጨምር ጣሪያውን በጥቂት በጥቂቱ ዝቅ ያደርጋል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይለቀዋል። ኮምቦልቻ የነበረው ክፍል ሞቃት ነው፣ ማሽኑም ቀኑን ሙሉ ኤክስፖርት ሲያደርግ ይውላል፤ ባዶውን የሚቀመጥበት ጊዜ አልነበረም። ደሴ በታኅሣሥ ማለዳ፣ ከጦሳ የሚወርደው ብርድ ክፍሉ ውስጥ ገና ሳይለቅ፣ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ሲጠብቅ፣ አስተዳዳሪው ሙሉውን ጣሪያ ከፍቶ ይሰጠዋል። ክዳኑን አንስቶ ፋን መጨመር ደግሞ ያንኑ ጣሪያ ይበልጥ ማስከፈት ነበር። ቅዝቃዜ በራሱ ለሲሊከን ጠላት እንዳልሆነ ግን መታወቅ አለበት፤ በእኩል ፍጥነትና በእኩል ቮልቴጅ ቀዝቃዛ ፕሮሰሰር ይበልጥ ይረጋጋል። የጣለው በቅዝቃዜው የተፈቀደለት ተጨማሪ ፍጥነት ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ የከፍታውን ጉዳይ አንስተው ነበር። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ናቸው፤ የደሴ አየር ስለሚሳሳ አንድ ፋን በአንድ ዙር የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። እውነት ነው፣ ፕሮሰሰሩ በሙሉ ጭነት ሲሠራ ትርጉም አለው። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ማሽን ላይ ግን የጠዋቱ ብርድ ይበልጠዋል።

መለየቱ

ልጁ ያስቀመጣቸውን ፎቶዎች ከያዝን በኋላ ሁሉንም ወደ ፋብሪካ ቅንብር መለስነው። ባዮሱ ውስጥ "ነባሪውን ጫን" ማለት ብቻ አላመንኩም፤ በነዚህ ቦርዶች ላይ ፒቢኦ ሁለት የተለያየ ቦታ ላይ ይገኛል፣ አንዱ በቦርድ አምራቹ ገጽ፣ አንዱ በኤኤምዲ ኦቨርክሎኪንግ ገጽ። አንዱ ተመልሶ ሌላው እንዳይቀር ሲሞሱን (የባዮሱ ቅንብር የሚቀመጥበትን) በቦርዱ ጃምፐር አጸዳነው። ባዮሱን ማደስ ግን ሆን ብዬ አቆየሁት። ብዙዎች መጀመሪያ ያደርጉታል፤ ያን ጊዜ ችግሩ ቢጠፋ በምን እንደጠፋ አይታወቅም።

በፋብሪካ ቅንብር 18ም 19ም ቆሙ። ይህ እጅግ አስፈላጊ ነጥብ ነው፦ 18 በፋብሪካ ቅንብር ላይም ቢቀጥል ኖሮ ፕሮሰሰሩ ራሱ ተጎድቷል፣ ወይም ቦርዱ፤ ጋሼንም የማነጋግራቸው ስለ አዲስ ዕቃ ዋጋ ይሆን ነበር።

ከዚያ ለውጦቹን አንድ በአንድ፣ በየመካከሉ በቂ ጊዜ እየሰጠን መለስናቸው። ራሙ በኤክስኤምፒ (ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት የሚያስሮጥ ዝግጁ ቅንብር) 3600 ላይ ሲሆን ንጹሕ። 3800ና 1900 ላይ ሲወጣ ወዲያው 19 መከማቸት ጀመረ፤ ሌላ ምንም ሳይነካ። ስለዚህ የ19 ባለቤት ኢንፊኒቲ ፋብሪኩ ነው፤ ከኮሮቹ ጋር ግንኙነት የለውም። ራሙን ወደ 3600 መልሰን ፒቢኦና ቀንስ 30ን ብቻቸውን ስንከፍት 19 ጠፍቶ 18 ተመለሰ፤ ጠዋት ላይ፣ በኤፒክ አይዲ 4።

ኤፒክ አይዲውን ወደ ኮር መመለስ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ኮር ሁለት ትሬድ አለው፤ ቁጥሩ ለ2 ሲካፈል ከ0 የሚጀምረውን የኮር ቁጥር ይሰጣል። 4ና 5 ሁለቱም ኮር 2 ናቸው። ራይዘን ማስተር የሚባለውን የኤኤምዲ ፕሮግራም ከፍተን ስናይ ኮር 2 ባለ ኮከብ ነው፤ ኤኤምዲ ከስድስቱ መካከል በጣም ጎበዝ ብሎ ምልክት ያደረገበት። ልጁ ግራ ገባው፤ "እንዴት ጎበዙ ቀድሞ ይወድቃል?" አለ። ጎበዝ የተባለው ከፋብሪካ ሲወጣ ከሌሎቹ ባነሰ ቮልቴጅ ከፍ ያለ ፍጥነት ስለሚደርስ ነው፤ ትርፍ ቮልቴጁ ቀድሞውኑ ተነክቷል። በተጨማሪም ቀላል ሥራ ሁሉ መጀመሪያ የሚላከው ወደ እሱ ነው። ለሁሉም እኩል 30 ሲቀነስ፣ ትርፍ ሳይኖረው የተወሰደበት እሱ ነው፣ ጣሪያውን በብዛት የሚነካውም እሱ ነው።

ኮሮቹን በተናጠል ለመፈተን ኮር ሳይክለር የሚባለውን ነፃ ስክሪፕት ተጠቀምን። አንድ ኮርን ብቻ እየጫነ፣ ሌሎቹን እያሳረፈ በየተራ ያልፋል፤ ስለዚህ ጣሪያው ላይ ይፈትናል። ኮር 2 ቀንስ 30 ላይ ብዙም አልቆየም። ኮር 0 ዘግይቶ ወደቀ፣ መዝገቡ ላይ ገና ስሙ ያልተጠራ ቢሆንም። ፈተናውን ሆን ብለን በማለዳ፣ መስኮት ተከፍቶ ነው ያስኬድነው።

ከማሽኑ የሚበልጠው

እስካሁን የተረኩት ስለ መውደቅ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ያልወደቀበት ጊዜ ነው። ተራ የኮምፒውተር ራም ኢሲሲ (የራም ስህተትን ፈልጎ የሚያርም ሥርዓት) የለውም፤ ስህተቱን አይቆጥርም፣ ለዊያ-ሎገርም አይናገርም። መዝገቡ ስለ ራም ዝም ማለቱ ራሙ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ በ3800 ሌሊቱን ስናሳድረው ስህተት አወጣ። በ3600 አንድም የለም። ያ ማለት ከካሜራ ካርድ ወደ ዲስክ የተገለበጠ እያንዳንዱ ቪዲዮ፣ መንገዱ በራም በኩል ስለሆነ፣ አንዱ ቢት ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ "ተገልብጧል" ይላል፣ ፋይሉም መጠኑ ልክ ነው። ጉዳቱ የሚታየው ሙሽሮቹ ሲገቡ ምስሉ ላይ አረንጓዴ ጡብ ሲደረደር ነው፤ በእነዚህ የቪዲዮ ፎርማቶች አንድ የተበላሸ ቢት እስከሚቀጥለው ሙሉ ፍሬም ድረስ የሚከተሉትን ምስሎች ሊያበላሽ ይችላል። ጋሼም እንዲህ ያለ ነገር አይተው ግራፊክስ ካርዱ ነው ብለው አልፈውት ኖሯል።

ሰርግ አይደገምም። የጠየቅኋቸው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር፦ "ጋሼ፣ የተቀረጸባቸውን ካርዶች አጥፍተዋቸዋል?"

"አብሽር ልጄ፣ ካርዶቹ እንዳሉ ናቸው" አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ግን፣ "የአንዱ ኒካህ ብቻ ነው የጠፋው፤ ካርዱን ለሌላ ሥራ ወስደነዋል።"

ዲስኩን ከማሽኑ አውጥተን በሱቁ ላፕቶፕ ላይ አገናኘነው። የተጠረጠረ ራም ባለው ማሽን ላይ ራሱን ማመሳከር ትርጉም የለውም። ዊንዶውስ ራሱ በያዘው ትዕዛዝ የእያንዳንዱን ፋይል ሻ-256 ሃሽ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ፣ አንድ ቢት ቢለወጥ የሚለወጥ መለያ) ከካርዱም ከዲስኩም አውጥተን አነጻጸርን። አብዛኛው ገጠመ። ያልገጠሙት ሁሉ የተገለበጡት ራሙ 3800 ላይ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ከነሱም አንዳንዶቹ ከኮምቦልቻ ዘመን ጀምሮ የነበሩ። እዚያ "አንድም ቀን አላስቸገረም" የተባለው ማሽን በዝምታ ፋይል ያበላሽ ነበር። ያልገጠሙትን ከካርዶቹ በላፕቶፑ በኩል እንደገና ገለበጥናቸው፣ ሃሻቸውም ገጠመ። በዚያ ጊዜ ተሠርተው ለደንበኛ ያልተሰጡ ፊልሞችም እንደገና ኤክስፖርት እንዲደረጉ ተስማማን።

የጸናው ቅንብር

ራሙ በኤክስኤምፒ 3600፣ ፋብሪኩ 1800 ላይ ተቀመጠ። የ200 ሜጋኸርዙ ጭማሪ ወደ 0 ተመለሰ። ከርቭ ኦፕቲማይዘሩ ለየኮሩ ተለይቶ ኮር 2 ቀንስ 5፣ ኮር 0 ቀንስ 10፣ የቀሩት ቀንስ 15 ሆኑ። ልጁ ቀንስ 20 የሚችሉ ኮሮች አሉ ብሎ ተከራከረኝ፣ ፈተናውንም አልፈዋል። እኔ ግን ለገንዘብ የሚሠራ ማሽን ላይ ካለፈው ቁጥር ጥቂት ወደ ኋላ መቆም አለብኝ ባይ ነኝ፣ በተለይ ሐምሌና ጥር እኩል በማይሆኑበት ከተማ። የፊልም ኤክስፖርት ፍጥነቱ ላይ ጋሼ የሚያውቁት ለውጥ አልመጣም፤ ኤክስፖርት ሁሉንም ኮር ስለሚጭን ያ 200 ሜጋኸርዝ ድሮም አይደርስበትም ነበር። የኬዙ ክዳን ተመልሶ ተገጠመ። ባዮሱ የታደሰው በመጨረሻ ነው፤ ማደስ ቅንብሮችን ስለሚያጠፋ ከዚያ በኋላ ሁሉንም መልሰን አስገብተን እንደገና ፈተንን።

የጥር ሰርግ አልፎ መዝገቡን ስናየው 18ም 19ም የሉም። ካርዱ የጠፋበት ኒካህ ላይ የሚነጻጸር ዋና ቅጂ ስላልነበረ ጋሼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጠው አዩት። የተበላሸው አንድ ቦታ ነው፣ እንግዶች ሲቀበሉ ጥቂት ሰከንድ። በሁለተኛው ካሜራ የተቀረጸውን አስገብተውበት ፊልሙን ለቤተሰቡ አስረክበዋል።